ቀለሙ ጠፋ ማለት ውኃው ጸዳ ማለት ነው?

ውይይቱን የከፈተው ጽሑፍ የተስፋ ጽሑፍ ነበር። ጠያቂው የቁስ ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ መሆኑን ገልጾ፣ በመስታወት ላይ የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ዘንጎችን (ውፍረታቸው በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ የሚለካ ዘንጎችን) እንዳበቀለ፣ መስታወቱን ሜቲሊን ብሉ በሚባለው ሰማያዊ ማቅለሚያ ውስጥ ነክሮ ፀሐይ ላይ እንዳቆየው፣ አመሻሹ ላይም ፈሳሹ ቀለሙ ጠፍቶ ጥርት ብሎ እንዳገኘው ተረከ። ዘንጎቹን የሠራበት መንገድ ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም፤ ዚንክ ናይትሬትና ሄክሳሜቲሊንቴትራሚን የሟሙበትን ውኃ በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም ለሰዓታት ማቆየት ይበቃል፤ ዘንጎቹ አስቀድሞ የዚንክ ኦክሳይድ ዘር በተቀባው መስታወት ላይ እንደ ሣር ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ከዚህ ተነሥቶ፣ የትኛውም የተበከለ ውኃ በፀሐይና በከፊል አስተላላፊ (ሴሚኮንዳክተር) ናኖ መዋቅር ብቻ ሊጸዳ እንደሚችል ደመደመ፤ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነም ዓለም እስካሁን ለምን እንዳልተጠቀመበት ጠየቀ።

እኔ ውይይቱን ከዳር ሆኜ ነው የተከታተልሁት። የምላሾቹን ተራ ቁጥር እንደነበረ ጠብቄ ሐሳባቸውን በራሴ አገላለጽ አስቀምጣለሁ፤ ቁጥሩን የምጠብቀው የኋለኞቹ ጸሐፊዎች ወደ ቀደሙት እየተመለሱ ስለሚከራከሩ ነው።

1ኛው ምላሽ በትሕትና የተጻፈ ነበር። ጸሐፊው ተማሪውን ስለ ሥራው ካመሰገነ በኋላ አሠራሩን ለሌሎች አንባቢዎች አብራራ። በከፊል አስተላላፊ ቁስ ውስጥ፣ ኤሌክትሮኖች በሞሉበት የኃይል እርከንና ባዶ በሆነው የላይኛው እርከን መካከል ክፍተት አለ። ከዚያ ክፍተት የሚበልጥ ኃይል የያዘ ብርሃን ሲያርፍበት አንድ ኤሌክትሮን ወደ ላይኛው እርከን ይዘላል፤ በነበረበት ቦታም ቀዳዳ ይተዋል። ቀዳዳው የቁሱ ገጽ ላይ ከደረሰ ከውኃ ወይም ከሃይድሮክሳይድ ኤሌክትሮን ነጥቆ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባለውን ቅንጣት ይፈጥራል፤ የዘለለው ኤሌክትሮን ደግሞ በውኃው ውስጥ ወደ ሟሟው ኦክሲጅን ይሄዳል። የሃይድሮክሲል ራዲካል ኦክሳይድ የማድረግ (ኤሌክትሮን የመንጠቅ) አቅም 2.8 ቮልት ያህል ሲሆን፣ የኦዞን 2.07፣ የክሎሪን 1.36 ቮልት ነው፤ ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ የማይደፍሯቸውን ብዙ ኦርጋኒክ በካዮች ይበጣጥሳል። አናቴዝ የተባለው የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዓይነት ክፍተቱ 3.2 ኤሌክትሮንቮልት በመሆኑ፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ387 ናኖሜትር የማይበልጥ ብርሃን፣ ማለትም አልትራቫዮሌት ያስፈልገዋል፤ ዚንክ ኦክሳይድም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ምላሹ የዘርፉን መነሻ ፉጂሺማና ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ካሳተሙት ሥራ ጋር አያይዞ ተቋጨ።

2ኛው ምላሽ እርማት ይዞ መጣ። የ1972ቱ ሥራ ውኃን በብርሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ስለ መክፈል እንጂ ስለ ማጽዳት እንዳልነበረ፣ የማጽዳቱ ነገር ከዚያ በኋላ እንደመጣ አስታወሰ። ፍራንክና ባርድ በ1977 ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በብርሃን እየታገዘ በውኃ ውስጥ ያለን ሳይናይድ እንደሚያፈርስ አሳዩ፤ በ1985 ደግሞ ማትሱናጋና ባልደረቦቹ የከፊል አስተላላፊ ዱቄት ረቂቅ ተሕዋስያንን በብርሃን እንደሚገድል አሳተሙ። ጸሐፊው ይህን ከደረደረ በኋላ፣ ሐሳቡ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ዕድሜ ካለው ዓለም ያልተጠቀመበት ሳይሰማ ቀርቶ ሊሆን እንደማይችል ጠቆመ። ክሩ (የውይይቱ ሰንሰለት) ከዚህ በኋላ የሄደበትን አቅጣጫ የወሰነው ይህ ነጥብ ይመስለኛል፤ እስከዚያ ድረስ ነገሩ የእንኳን ደስ አለህ ውይይት ነበር።

በ3ኛው ምላሽ አንድ የፊዚክስ ሰው የናኖው ጥቅም ምኑ ላይ እንደሆነ ገለጸ። የመጀመሪያው ምክንያት ሁሉም የሚያውቀው የገጽ ስፋት ነው፤ በየቤተ ሙከራው የሚታወቀው 21 ናኖሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ቅንጣቶች የተሞላበት የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት፣ አንዱ ግራም 50 ካሬ ሜትር ያህል ገጽ አለው። ሁለተኛው ምክንያት ግን በብዛት የማይነገር ነው። ኤሌክትሮኑና ቀዳዳው ከተለያዩ በኋላ መልሰው ለመገናኘት ይቸኩላሉ፤ ገጽ ላይ ሳይደርሱ ከተገናኙ የተቀበሉት ብርሃን ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሄማታይት በተባለው የብረት ኦክሳይድ ውስጥ ለምሳሌ፣ ቀዳዳው ሳይጠፋ ሊጓዝ የሚችለው ከ2 እስከ 4 ናኖሜትር ብቻ ነው። ቁሱን ከዚያ መንገድ እንዳይሰፋ አድርጎ መሥራት ማለት ቀዳዳው የትም ቢወለድ ከደጃፉ አጠገብ ይወለዳል ማለት ነው። ጸሐፊው ወዲያውም ሌላውን ገጽታ አነሣ፤ ቅንጣት ባነሰ ቁጥር በገጹ ላይ ያሉት ጉድለቶች ስለሚበዙ፣ ኤሌክትሮኑንና ቀዳዳውን የሚያገናኟቸው ወጥመዶችም ይበዛሉ። ስለዚህ ትንሽ መሆን እስከ አንድ መጠን ይጠቅማል፤ ከዚያ ወዲያ ይጎዳል። በክሩ ውስጥ በትዕግሥት ከተጻፉት ምላሾች አንዱ ይህ ነው።

4ኛው ምላሽ ከአንድ መስመር አልዘለለም። ማቅለሚያው የሟሟው በምን ዓይነት ውኃ ውስጥ እንደሆነ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም፤ እኔም በጊዜው አልፌው ሄጄ ነበር።

ድምፁ የተለወጠው በ5ኛው ነው። የትንተና ኬሚስት መሆኗን የገለጸች ተሳታፊ፣ ሜቲሊን ብሉን የናኖ ቁስ መፈተኛ አድርጎ የሚያቀርብ ጽሑፍ ባየች ቁጥር እንደሚታክታት ሳትሸሽግ ጻፈች። ማቅለሚያው ከሚታየው ብርሃን ውስጥ ቀዩን፣ 664 ናኖሜትር ላይ ያለውን፣ አጥብቆ ይውጣል፤ ስለዚህ ከፊል አስተላላፊው ምንም ሳይሠራ ማቅለሚያው ራሱ ብርሃኑን ተቀብሎ ሊበላሽ፣ ወይም ኤሌክትሮኑን ወደ ቁሱ አስረክቦ ሊፈርስ ይችላል። ከዚያም ሌላ፣ ሁለት ኤሌክትሮኖች ሲቀበል ሉኮ ወደሚባለው ቀለም አልባ መልኩ ይለወጣል፤ ይህ መልክ ኦክሲጅን ሲያገኝ ተመልሶ ሰማያዊ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ማቅለሚያው በቁሱ ገጽ ላይ ተለጥፎ ሊቀር ይችላል። እንግዲህ ፈሳሹ ጠራ ማለት ከእነዚህ አንዱ ሆኗል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ተማሪው የፈለገው ግን ሌላውን፣ ዘንጎቹ ራሳቸው ማቅለሚያውን ማፍረሳቸውን ነው። ጸሐፊዋ መስታወቱ በጨለማ ውስጥ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆይቶ እንደሆነ፣ ያለ ዘንጎቹ በፀሐይ ብቻ የተቀመጠ ማነጻጸሪያ ብርጭቆ እንደነበረ፣ በውኃው ውስጥ የቀረው ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን ተለክቶ እንደሆነ በተከታታይ ጠየቀች። ቀለም ሳይኖር ካርቦኑ እንዳለ ከተገኘ፣ ማቅለሚያው ተሰባብሮ ዓይን የማያየው ሌላ ነገር ሆነ እንጂ አልጠፋም፤ የተሰበረውም ነገር አንዳንድ ጊዜ ከመነሻው የከፋ መርዝ ሊሆን ይችላል።

ተማሪው በ6ኛው ምላሽ ቅር እንዳለው በሚያሳይ አነጋገር ተከላከለ። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2010 ያወጣው 10678 ቁጥር ደረጃ ሜቲሊን ብሉን መፈተኛ አድርጎ እንደሚጠቀም አነሣ። እርሷም በ7ኛው እንዲህ መለሰችለት፤ ያ ደረጃ ገጾችን እርስ በርስ ለማነጻጸር የወጣ ነው፤ የሚሠራውም በተወሰነ አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው፤ ገጹም አስቀድሞ ማቅለሚያውን ጠጥቶ እስኪጠግብ ድረስ እንዲቆይ ያዝዛል። ተማሪው ግን ከሦስቱም አንዱን አላደረገም። ደረጃውን ጠቅሶ የደረጃውን ሥርዓት መተው ተገቢ እንዳልሆነም አከለችበት። ትክክል ነበረች፤ ይሁንና ለጀማሪ የሚጻፍ መልስ ከዚህ ጥቂት ለስለስ ቢል ምንም አይጎድልበትም ነበር። 8ኛውም ምላሽ የተጻፈው ይህንኑ ለማለት ነው።

ከ9ኛው እስከ 11ኛው ያሉት ምላሾች ወደ ቃላት ክርክር ፈሰሱ። አንዱ፣ 1ኛው ጸሐፊ የተጠቀመበት ቀዳዳ የሚለው ቃል አሳሳች ነው አለ፤ አንባቢ በቁሱ ላይ የተበሳ ነገር ያለ ይመስለዋል፣ በተለይም ብስ የሆኑ ናኖ መዋቅሮች በሚነሡበት ጽሑፍ ውስጥ። ሌላው ክፍተት የሚለውን ሐሳብ አቀረበ፤ ሦስተኛው ደግሞ ክፍተት ለሁለቱ እርከኖች መካከል አስቀድሞ እንደተያዘ አስታውሶ ጎደሎ የሚለውን መረጠ፤ የሌለው ነገር ኤሌክትሮን ስለሆነ፣ ጉድለቱም ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚዛወር፣ ቃሉ የነገሩን ባሕርይ ይገልጣል ባይ ነው። ከርእሱ የወጣ ቢመስልም ይህ ክርክር አልሰለቸኝም፤ ከዚህ በኋላ እኔም ጎደሎ እላለሁ።

12ኛው ምላሽ የክሩ ምሰሶ ነው። የጻፉት ለረጅም ዓመታት በውኃ ማጣሪያ ሥራ ላይ እንደቆዩ የገለጹ መሐንዲስ ናቸው። ስለ ቁሱ ምንም ሳይሉ በቀጥታ ወደ ስሌት ገቡ። በጠራ ቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው አልትራቫዮሌት 30 ዋት ነው እንበል አሉ። በ365 ናኖሜትር ግድም አንድ ሞል (ቅንጣቶች የሚቆጠሩበት ቋሚ ብዛት) ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ 328 ኪሎጁል ያህል ስለሚይዝ፣ በአንድ ሰዓት የሚሰበሰበው 0.33 ሞል ፎቶን ነው። አብዛኛው ኤሌክትሮንና ጎደሎ መልሰው ስለሚገናኙ፣ ከመቶ ፎቶን አንዱ ጠቃሚ ሥራ ይሠራል ብለን ብንገምት፣ በእጃችን የሚቀረው 3.3 ሚሊሞል ነው። በሌላ በኩል፣ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 10 ሚሊግራም ኦርጋኒክ ካርቦን ቢኖር 0.83 ሚሊሞል ይሆናል፤ እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እስኪሆን አራት ኤሌክትሮን ያስረክባል ብንል ደግሞ የሚያስፈልገው 3.3 ሚሊሞል ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ይገጣጠማሉ፤ አንድ ካሬ ሜትር ገጽ በአንድ ሰዓት ጠንካራ ፀሐይ የሚያጸዳው አንድ ሊትር ውኃ ነው። መሐንዲሱ ይህን ጽፈው፣ የማንም የቁስ ፈጠራ ከፀሐይ የሚመጣውን የፎቶን ብዛት ሊጨምር እንደማይችል፣ ስለዚህ ጥያቄው ቁሱ ይሠራል ወይስ አይሠራም ሳይሆን ለስንት ሊትር ስንት ካሬ ሜትር የሚል እንደሆነ ገለጹ።

ስሌቱ ሁለት ዓይነት ምላሽ ቀሰቀሰ። 13ኛው ጸሐፊ በአክብሮት ሁለት እርማቶችን አቀረበ። አንደኛ፣ ራዲካሉ አንዱን ሞለኪውል ከነካ በኋላ በውኃው ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ራሱ ሥራውን ስለሚያስቀጥል፣ አራቱም ኤሌክትሮኖች ከብርሃን መምጣት የለባቸውም። ሁለተኛ፣ ማንም ሰው የወንዝን ውኃ ካርቦን በሙሉ በዚህ መንገድ ላቃጥል አይልም፤ ዘዴው የሚታሰበው ሌላው ማጣሪያ ከጨረሰ በኋላ በማይክሮግራም መጠን ለሚቀሩት የመድኃኒትና የፀረ ተባይ ቅሪቶች ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው የሚታየውን ብርሃን የሚውጡ ቁሶችን አነሣ፤ አልትራቫዮሌት ምድር ላይ ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል ከመቶ 4 ወይም 5 ያህሉ ብቻ ስለሆነ፣ ክፍተታቸው 2.4 ኤሌክትሮንቮልት የሆኑት ቢስመዝ ቫናዴትና ካድሚየም ሰልፋይድ፣ 2.7 የሆነውም ግራፋይታዊ ካርቦን ናይትራይድ ሰፊውን የብርሃን ድርሻ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

በ14ኛው ላይ ኬሚስቷ ተመልሳ መጣች፤ አሁን ግን ድምጿ ረገብ ብሏል። ክፍተትን ማጥበብ ነፃ ስጦታ አይደለም አለች፤ ጠባብ ክፍተት ብዙ ብርሃን ይቀበላል፣ ጎደሎው ወይም ኤሌክትሮኑ የሚይዘው ኃይል ግን ይቀንሳል። የካርቦን ናይትራይድ ጎደሎ ለምሳሌ ከውኃ ላይ በቀጥታ ሃይድሮክሲል ራዲካል ለማውጣት አቅም ያንሰዋል። ካድሚየም ሰልፋይድ ደግሞ የባሰ ችግር አለበት፤ ጎደሎዎቹ ውኃውን ትተው ራሱን ቁሱን ይበሉታል፣ ካድሚየምም ወደ ውኃው ይሟሟል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ የሚፈቅደው የካድሚየም መጠን በሊትር 3 ማይክሮግራም ብቻ ስለሆነ፣ ውኃን በካድሚየም ሰልፋይድ ማጽዳት የታመመን ሰው ሌላ በሽታ እንደ መስጠት ነው። ከዚያ ወደ ተማሪው ዘንጎች ዞረች። ዚንክ ኦክሳይድ በአሲድም በአልካሊም ይሟሟል፤ በብርሃንም ይበላል። ዚንክ ለሰው እንደ ካድሚየም አደገኛ ባይሆንም፣ ከ3 ሚሊግራም በሊትር ሲያልፍ ጣዕሙ ሰዎች ውኃውን እንዳይቀበሉት ሊያደርግ ይችላል፤ ለዓሣና ለሌሎች የውኃ ሕይወታት ደግሞ ከዚህ በጣም ባነሰ መጠን ይጎዳል። ስለዚህ ተማሪው በጠራው ውኃ ውስጥ ዚንክ እንዲለካ መከረችው። ይህን ምክር አንድ ሰው ቀደም ብሎ ሊሰጠው ይገባ ነበር፤ ማጽጃው ራሱ በካይ ከሆነ የቀረው ክርክር ዋጋ የለውም።

15ኛው ምላሽ የክሩ ሻካራ ቦታ ነው። ስሙን ያልገለጸ ተሳታፊ፣ መሐንዲሶች አዲስ ሐሳብ በመጣ ቁጥር በናፕኪን ስሌት እንደሚቀብሩት፣ በክሎሪን የሚሠራ ሁሉ ናኖን እንደሚፈራ፣ ወጣቱንም ተስፋ ለማስቆረጥ እንደተሰባሰቡ በቁጣ ጻፈ። 16ኛው ላይ መሐንዲሱ ለስድቡ አልመለሱም፤ የመለሱት በቁጥር ነው። የዘርፉ ሰዎች ማጽጃዎችን የሚያነጻጽሩበት አንድ መለኪያ አለ፤ በአንድ ሜትር ኩብ ውኃ ውስጥ ያለን በካይ በ90 በመቶ ለመቀነስ ስንት ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ እንደሚፈጅ ይነግራል። በ2018 የታተመ ሰፊ ዳሰሳ በዚሁ መለኪያ ሲያሰላ፣ ኦዞንም ሆነ አልትራቫዮሌት ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲጣመር መካከለኛ ፍጆታቸው ከ1 ኪሎዋት ሰዓት በታች ሆኖ ተገኘ፤ በመብራት የሚሠራው የከፊል አስተላላፊ ዘዴ ግን ከ100 በላይ ነበር። መቶ እጥፍ ልዩነት በጥላቻ የሚፈጠር እንዳልሆነ ገልጸው፣ ምክንያቱንም አያይዘው አስረዱ። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በውኃው ሁሉ ስለሚሟሟ ራዲካሉ በካዩ ባለበት ቦታ ሁሉ ይወለዳል፤ ከፊል አስተላላፊው ግን ራዲካሉን የሚወልደው በገጹ ላይ ብቻ ነው። ራዲካሉ በጣም አጭር ዕድሜ ስላለው፣ ከተወለደበት ቦታ ርቆ ሳይሄድ ያልቃል፤ ስለዚህ በካዩ ራሱ እስከ ገጹ ድረስ መምጣት አለበት። በናኖሜትር የተሠራው ገጽ እንኳን የውኃውን የሚሊሜትር ጉዞ አያሳጥረውም።

17ኛው ጸሐፊ ከመብራት ጋር ማነጻጸሩ ፀሐይን ይበድላል፣ ፀሐይ ክፍያ አትጠይቅም ሲል ተከራከረ፤ በስፔን አልሜሪያ የሚገኘው የፀሐይ ምርምር ማእከል ከ1990ዎቹ ጀምሮ ብርሃንን በጎባጣ መስተዋት ወደ መስታወት ቱቦዎች እየሰበሰበ ውኃ ሲያጸዳ መቆየቱን ምስክር አደረገ። በ18ኛው መሐንዲሱ ማእከሉን አመስግነው፣ ፀሐይ ክፍያ ባትጠይቅም መስተዋቱ፣ ቱቦው፣ ፓምፑና መሬቱ እንደሚጠይቁ፣ ሌሊትና ደመናም የራሳቸው ቀረጥ እንዳላቸው መለሱ። ከዚህ በላይ በዚህ ነጥብ የተጨመረ ነገር የለም፤ ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ልክ ናቸው።

19ኛው ምላሽ ከሥራ ልምድ የመጣ ነው። ጸሐፊዋ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን በመስታወት ላይ ሳትለጥፍ ዱቄቱን በውኃው ውስጥ በትና ትሠራ እንደነበር ተረከች። ማጽዳቱ ከተለጠፈው ይልቅ በጣም ይፈጥናል፤ ምክንያቱም ገጹ ወደ ውኃው ይሄዳል እንጂ ውኃው ገጹን አይፈልግም። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዱቄቱን ለማስቀረት ውኃውን ሌሊቱን አስቀመጠችው፤ ጠዋት እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ጠበቃት። በማጥለያ ወረቀት አሳለፈችው፤ ከፊሉ ከውኃው ጋር አለፈ፣ ከፊሉ ወረቀቱን ደፈነው። የዱቄቱን መጠን ጨምራ ፍጥነቱን ልታሳድግ ስትሞክር ደግሞ፣ ከአንድ ግራም በሊትር አካባቢ በላይ ፍጥነቱ መጨመሩን አቆመ፤ ፊት ያሉት ቅንጣቶች ለኋለኞቹ ጥላ ሆኑባቸው። በመጨረሻ የሠራላት የሴራሚክ ማጥለያ ነበር፤ እሱም የራሱን ግፊትና እጥበት ይጠይቃል። ከዚህ የተረዳችው ዱቄት በውኃ ውስጥ ሲበተን ገጽና ፍጥነት እንደሚገኝበት፣ ነገር ግን መልሶ መያዝ እንደሚከብድ፣ ሲለጠፍ ደግሞ መያዙ ቀልሎ ገጹና ፍጥነቱ እንደሚቀንስ ነው፤ ቱቦ፣ ዘንግና አረፋ መሰል ናኖ መዋቅሮች የሚሠሩት ከሁለቱ መካከል መንገድ ለመፈለግ እንደሆነም አስረዳች። ከ3ኛው ምላሽ ጋር አጣምሮ ለሚያነብ ሰው፣ የተማሪው ዘንጎች ለምን እንደ ሣር እንደቆሙ እዚህ ላይ ነው ትርጉሙ የሚገባው።

20ኛው ምላሽ ጨዋታውን ወደ ምግብ ወሰደው። ጸሐፊው የአውሮፓ ኅብረት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን ከምግብ ማቅለሚያነት በ2022 እንዳገደ፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም በ2006 በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚላቸው መካከል እንደመደበው ጠቅሶ፣ ይህን በውኃ ላይ መበተን እብደት ነው አለ። 21ኛው አጭር እርማት ሰጠ፤ የ2006ቱ ምደባ የተመሠረተው አቧራው ወደ ሳንባ ሲገባ በእንስሳት ላይ በታየው እንጂ በሚጠጣ ውኃ ላይ አይደለም። ይሁን እንጂ በ19ኛው የተነገረው የማስቀረት ችግር በዚህ ምክንያት ይበልጥ እንጂ ያነሰ ትኩረት እንደማይገባው ተስማማ።

22ኛውን የጻፉት አሁንም መሐንዲሱ ናቸው፤ በመክፈቻው ላይ የነበረውን የትኛውም የተበከለ ውኃ የሚለውን ሐረግ ይዘው አንድ በአንድ ፈተሹት። ፍሎራይድና ናይትሬት በሃይድሮክሲል ራዲካል የሚበሉ ነገሮች አይደሉም። አርሴኒክ ንጥረ ነገር ስለሆነ አይጠፋም፤ ይሁንና ባለ ሦስቱ አርሴኒክ (ሦስት ኤሌክትሮን ያጣው) ወደ ባለ አምስቱ ሲለወጥ በብረት ኦክሳይድ ላይ መለጠፉ ስለሚቀል፣ ዘዴው ለሌላ ማጣሪያ መንገድ ይጠርጋል። ባለ ስድስቱ ክሮሚየም ደግሞ በተቃራኒው ኤሌክትሮን ተቀብሎ ወደ ባለ ሦስቱ ይወርዳል፣ መርዛማነቱም በእጅጉ ይቀንሳል፤ እዚህ ላይ የሚሠራው ጎደሎው ሳይሆን ሁልጊዜ የሚረሳው ኤሌክትሮኑ ነው። ፍሎሪን ያዘሉት ዘላቂ ኬሚካሎች ግን የካርቦንና የፍሎሪን ማሠሪያቸው በሞል 485 ኪሎጁል ያህል ስለሆነ ራዲካሉን ይቋቋሙታል። ጀርምን በተመለከተ፣ ጥርት ያለ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ ለ6 ሰዓት ጠንካራ ፀሐይ ላይ ቢቀመጥ ያለ ምንም ከፊል አስተላላፊ ብዙውን ጀርም እንደሚገድል፣ ደመና ከበዛ ሁለት ቀን እንደሚፈጅ አስታወሱ። ስለዚህ ናኖ መዋቅሩ ከባዶ ጠርሙስ በምን እንደሚበልጥ ማሳየት ያለበት ራሱ ነው።

ተማሪው ለብዙ ቀናት ጠፍቶ በ23ኛው ተመለሰ። ኬሚስቷ የጠየቀቻቸውን ማነጻጸሪያዎች ሁሉ እንደሠራ ዘገበ። ያለ ዘንጎች ፀሐይ ላይ የዋለው ብርጭቆም ቀለሙ በከፊል ለቅቆ ነበር፤ በጨለማ የተቀመጠው መስታወት ደግሞ ከማቅለሚያው ጥቂት የማይባለውን በላዩ ለጥፎ ተገኘ። ቀጥሎ ማቅለሚያውን ትቶ የሚታየውን ብርሃን በማይውጠው በፌኖል ሞከረ፤ ፌኖሉ ቀንሷል፣ ነገር ግን ከሰማያዊው ቀለም እጅግ በዘገየ ፍጥነት። ዚንክም ለክቶ አግኝቷል፤ ስለዚህ ዘንጎቹን በስስ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ልባስ ለመሸፈን አስቧል። በ6ኛው ምላሽ ስላሳየው ቅሬታ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ሆኖም የመጀመሪያውን ጥያቄውን ትቶ ሌላ ጠየቀ፤ በተሕዋስያን ከታከመ ፍሳሽ ላይ የሚቀሩትን የመድኃኒት ቅሪቶች ቁሱ በተለጠፈበት ስስ ንጣፍ ላይ ማሳለፍ ቢሞክር ምን እንደሚመክሩት።

24ኛው የመሐንዲሱ ነበር። የአሁኑ ጥያቄ መልስ ሊያገኝ የሚችል ጥያቄ እንደሆነ ነገሩት፤ ከዚያም 4ኛውን ምላሽ ከተቀበረበት አወጡት። የተፈጥሮ ውኃ ባይካርቦኔት፣ ክሎራይድና ከበሰበሰ ዕፅዋት የመጣ ኦርጋኒክ ነገር ይዟል፤ ሁሉም ራዲካሉን ከበካዩ ቀድመው ይሻሙታል፣ አንዳንዶቹም ገጹን ይሸፍኑታል። በማይክሮግራም የሚለካ መድኃኒት በሚሊግራም ከሚለካ ባይካርቦኔት ጋር ለአንድ ራዲካል ሲሻማ ማን እንደሚያገኘው መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ማቅለሚያውንም ሆነ ፌኖሉን ያሟሟው በምን ውኃ እንደነበረ፣ የባይካርቦኔት መጠኑም ስንት እንደሆነ ጠየቁት።

25ኛው ምላሽ የተማሪው ነው። እስካሁን የሠራው ሁሉ በተጣራ የቤተ ሙከራ ውኃ እንደነበር ጻፈ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከፍሳሽ ማከሚያ ጣቢያ መውጫ ላይ ቀድቶ እንደሚመለስም አስታወቀ።